ማራያ ሚቸል፦ ጅራታም ኮከብ ያገኘችው ሴት ወይስ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማረችው መምህርት?

ፈለክ ወዳድ (ክሩን የከፈተ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

ማራያ ሚቸል የተባለችውን አሜሪካዊት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ብዙዎቻችሁ በስም እንደምታውቋት እገምታለሁ። ስሟ «ማሪያ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ፤ የአገሯ ሰዎች ግን «ማራያ» ብለው ነው የሚጠሩት። ስሟ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው በኦክቶበር 1 ቀን 1847 ምሽት ጅራታም ኮከብ ማግኘቷ ብቻ ሆኖ ሳየው ቅር ስለሚለኝ፣ ስለ ቀሪው ሕይወቷና ስለ ሥራዋ ተረጋግተን እንድንወያይ ይህን ክር ከፍቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማራያ በ1818 በማሳቹሴትስ ግዛት ሥር ባለችው በናንቱኬት ደሴት ተወለደች። ደሴቲቱ በዚያ ዘመን ዓሣ ነባሪ በማደን የምትኖር ነበረች፤ ወንዶቹ ለሦስትና ለአራት ዓመት ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሄዱ ቤቱንና ንግዱን የሚያስተዳድሩት ሴቶቹ ነበሩ። ቤተሰቧ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ክፍል ተከታይ ስለነበረ ሴት ልጅ እንደ ወንዱ እኩል መማሯ በቤቷ አከራካሪ ነገር አልነበረም። አባቷ ዊልያም ሚቸል መምህር የነበሩ ሲሆን፣ ከመምህርነቱ ጎን ለጎን የመርከብ ክሮኖሜትሮችን (በባሕር ላይ የሚያገለግሉ ትክክለኛ ሰዓቶችን) በከዋክብት እየመረመሩ ያስተካክሉ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1831 የቀለበት ግርዶሽ በደሴቲቱ ላይ ሲያልፍ የሳሎኑ መስኮት ተነቅሎ ቴሌስኮፑ በቦታው ቆመ። አባትዬው በቴሌስኮፑ ሲመለከቱ የ12 ዓመቷ ልጅ በክሮኖሜትሩ ፊት ተቀምጣ ሴኮንዶቹን ትቆጥር ነበር። ግርዶሹ የጀመረበትና ያበቃበት ቅጽበት በትክክል ከተመዘገበ፣ አስቀድሞ ከተሰላው ሰዓት ጋር በማነጻጸር የቤታቸውን ኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን የቦታ ልኬት) ማወቅ ይቻላል፤ የዚያን ዕለት የሠሩትም ይህንኑ ነው። ቆጣሪዋ አንድ ሴኮንድ ብትዘል ውጤቱ ሁሉ ይዛባ ስለነበር፣ ለአንዲት ሕፃን የተሰጠው ኃላፊነት ቀላል አልነበረም።

በ1836 የናንቱኬት አቴንየም ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች፤ በዚያም ሃያ ዓመት ያህል ቆየች። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ስለነበር የቀረውን ጊዜ ለንባብ ታውለው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አልተማረችም፤ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱን ላፕላስንና ጋውስን ያነበበችው እዚያው መደርደሪያዎቹ መካከል ሆና ነው። አባቷ የፓሲፊክ ናሽናል ባንክ ገንዘብ ያዥ በሆኑ ጊዜ ቤተሰቡ ከባንኩ በላይ ባለው መኖሪያ ገባ፤ በጣሪያውም ላይ አነስተኛ የመመልከቻ ስፍራ ተሠራ። የምታውቋት ያቺ ምሽት የመጣችው እዚህ ነው። ቤታቸው እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ማራያ እንደ ልማዷ ወደ ጣሪያው ወጣች፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰሜን ኮከብ በላይ አምስት ዲግሪ ያህል ርቆ፣ ከዚያ በፊት በቦታው ያልነበረ ደብዛዛ የብርሃን ነጥብ አየች። ከዚያ በፊት ያልነበረ መሆኑን ለማወቅ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ነበረባት።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የዴንማርክ ንጉሥ ለአዲስ ጅራታም ኮከብ አግኚ የሚሰጠውን የወርቅ ሜዳልያ ያሰጣት ጅራታም ኮከብ የሥራዋ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ከ1865 እስከ 1888 በቫሳር ኮሌጅ ያስተማረችው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ሰዓት ጠጋኝ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እኔ የሥነ ፈለክ ሊቅ አይደለሁም፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ስለ ክሮኖሜትሩ የጠቀስከው ነገር በአጭሩ ስላለፈ፣ ለወጣቶቹ አንባቢዎች ጥቂት ላብራራ።

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ አራት ደቂቃ ደግሞ አንድ ዲግሪ ነው። ባሕር ላይ ያለ መርከበኛ የቆመበትን የቀትር ሰዓት ከፀሐይ ያገኛል፤ ክሮኖሜትሩ ደግሞ የግሪኒችን ሰዓት ይነግረዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኬንትሮሱን ይሰጠዋል። በምድር ወገብ አካባቢ አራት ሴኮንድ ማለት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፈጽሞ የማይሳሳት ሰዓት የለም፤ ለመርከበኛ የሚጠቅመው ስሕተቱ የታወቀና የማይለዋወጥ ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሴኮንድ እንደሚፈጥን የማይታወቅ ክሮኖሜትር በመቶ ቀን 200 ሴኮንድ ይሳሳታል፤ ይህም መርከቡን ሃምሳ የባሕር ማይል፣ ወደ 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ከትክክለኛው ቦታ ያርቀዋል። ሁለት ሴኮንድ እንደሚፈጥን በወረቀት ተጽፎ ከተሰጠው ግን ካፒቴኑ ቀንሶ ይጠቀምበታል። የማራያ አባት ሥራ ይህ ነበር፤ ለተከታታይ ቀናት በሴክስታንት፣ ማለትም በማዕዘን መለኪያ መሣሪያ፣ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለኩ የሰዓቱን የዕለት ዝንፈት ማወቅ።

ልጅቷ 14 ዓመት ሲሆናት አባቷ ከቤት በሌሉበት አንድ የመርከብ አዛዥ ክሮኖሜትሩን ይዞ መጥቶ፣ እርሷ ራሷ መርምራ እንደሰጠችው ይነገራል። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ለማጅ ወጣት አስተምሬያለሁ፤ በዚያ ዕድሜ እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ አይቼ አውቃለሁ፤ የሰው ነፍስ የሚያድርበትን ሰዓት ግን ለማንኛቸውም አልሰጠሁም። ይህን ስል የካፒቴኑንም እምነት እያደነቅሁ ነው።


ተጠራጣሪ አንባቢ

ክሩን የከፈቱትን ወንድሜንም ሆነ ጋሼን አመሰግናለሁ፤ ሆኖም የተለየ አስተያየት ለማቅረብ እፈልጋለሁ።

በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ የሚለካው ለዕውቀቱ ባበረከተው ነገር መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ካሮላይን ኸርሸል ከማራያ በፊት ስምንት ጅራታም ከዋክብት አግኝታለች፤ ማራያ በስሟ የታወቀው አንድ ነው። ያንኑም ቢሆን ኢጣሊያዊው ፍራንቸስኮ ዴ ቪኮ ከሁለት ቀን በኋላ በሮም አይቶት፣ በአውሮፓ መጀመሪያ ዜናው የተሰማው በእርሱ ስም ነው። ሜዳልያው ወደ አሜሪካ የሄደው የሀርቫርዱ ፕሬዝዳንት ኤድዋርድ ኤቨረት በብርቱ ስለተከራከረላት ነው፤ አሜሪካ ያን ጊዜ በሳይንስ ስም ለማግኘት የምትሻ ወጣት አገር ስለነበረች የአገር ኩራት በነገሩ ውስጥ አልነበረም ማለት አይቻልም። ከዚያ በኋላ በስሟ የሚጠራ ሕግ ወይም ንድፈ ሐሳብ አላየሁም። ታዲያ ዝናዋ ከሥራዋ አይበልጥም ወይ?


ፈለክ ወዳድ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በሚገባ እንድመልሰው ይፍቀዱልኝ።

የሜዳልያውን ነገር በተመለከተ፣ ደንቡ አግኚው በመጀመሪያው ፖስታ እንዲያሳውቅ ያዝዝ ነበር። ማራያ ስለ ነገሩ ገና እርግጠኛ አይደለሁም በማለት ለማሳወቅ አልፈለገችም፤ በሀርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት መመልከቻ ተቋም) ለነበሩት ለዊልያም ቦንድ የጻፉላት አባቷ ናቸው፣ ያም ኦክቶበር 3 ቀን ነበር። ደሴት ላይ ያለ ሰው ደብዳቤው የሚደርስለት መርከቡ በተነሣ ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰሞን ማዕበል ስለነበር መልእክቱ ዘገየ። ዴ ቪኮ ያየው ኦክቶበር 3፣ እንግሊዛዊው ዶውስ ኦክቶበር 7፣ የሀምቡርጓ ወይዘሮ ሩምከር ደግሞ ኦክቶበር 11 ነው። ስለዚህ ቀዳሚነቷ ራሱ አላከራከረም፤ ያከራከረው የማስታወቁ ሥርዓት ነው። ኤቨረት ለአገሩ ኩራት እንደተጨነቀ እኔም እቀበላለሁ፤ ሆኖም የተከራከረው ለሐሰት አልነበረም፤ የዴንማርክ ንጉሥም በ1848 ሜዳልያውን ለእርሷ ወስኖላታል።

ስለ ንድፈ ሐሳብ ያሉት ግን ከዚያ ይልቅ የሚያነጋግር ነው። የዚያ ዘመን ሥነ ፈለክ በአብዛኛው የመለካትና የማስላት ሥራ ነበር። በ1849 የአሜሪካ መንግሥት የመርከበኞች የሰማይ ሰንጠረዥ ሲዘጋጅ ማራያ ከአሥሊዎቹ አንዷ ሆና ተቀጠረች፤ እንዲህ ያለው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ «ኮምፒውተር» ይባል ነበር፤ ቃሉ የሰው ሥራ ስም ሆኖ ከኖረ በኋላ ነው የመሣሪያ ስም የሆነው። የተመደበላት ቬነስ ነበረች። ፕላኔቷ በየዕለቱ በሰማይ ላይ የምትገኝበትን ስፍራ አስቀድማ እያሰላች፣ በዓመት 300 ዶላር እየተከፈላት፣ ኮሌጅ ገብታ ማስተማር ከጀመረችም በኋላ ሳይቀር እስከ 1868 ሠራች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። በየባሕሩ የነበሩ መርከበኞች ሰንጠረዡን ከፍተው የቬነስን ቦታ ሲያነቡ፣ ቁጥሩን ማን እንዳሰላው አያውቁም ነበር። ይህን ሥራ ንድፈ ሐሳብ የለበትም ብሎ ወደ ጎን መተው ለኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በኋላም ጁፒተርንና ሳተርንን ከጨረቃዎቻቸው ጋር ለዓመታት ተከታትላ በአሜሪካ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጽፋለች፤ ከ1873 ጀምሮ ከተማሪዎቿ ጋር ፀሐይን በመስታወት ሰሌዳ ፎቶግራፍ እያነሣች ነጠብጣቦቿን መዝግባለች።


የደሴው መምህር

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በዚህ ክር ላይ ለመጻፍ የገፋፋኝም የማራያ ሚቸል መምህርነት ነው።

ቫሳር ኮሌጅን ያቋቋመው ማቲው ቫሳር በኒው ዮርክ ግዛት በፖኪፕሲ ከተማ ይኖር የነበረ ቢራ ጠማቂ ነው። ሀብቱን ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ሲያውል ብዙዎች በትምህርት ብዛት የሴት ልጅ ጤና ይጎዳል ይሉ በነበረበት ዘመን ነው። ኮሌጁ በ1865 ሲከፈት ማራያ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰርና የኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ ሆነች። የኦብዘርቫቶሪው ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት ከ12 ኢንች በላይ ሲሆን በአገሪቱ ካሉት በሦስተኛ ደረጃ የሚቀመጥ ነበር። መኖሪያዋም እዚያው ነበር፤ እናቷ በ1861 ካረፉ በኋላ አባቷን ይዛ ገባች፤ እሳቸውም በ1869 እስኪሞቱ ድረስ ከእርሷ ጋር በዚያው ጉልላት ሥር ኖሩ።

ከአስተማሪነት ልማዷ ሁለት ነገሮች በልቤ ቀርተዋል። የመጀመሪያው፣ ተማሪ አንድ ነገር ስትነግራት «ይህን ከመጽሐፍ ነው ያነበብሽው ወይስ ራስሽ አየሽው?» እያለች መጠየቋ ነው። ሁለተኛው፣ ነጥብ መስጠትንና የቀሪ ተማሪ መቆጣጠርን መጥላቷ ነው፤ የሰው አእምሮ በቁጥር የሚለካበት መለኪያ የለም ብላ ታምን ነበር። ክፍሎቿ በቁጥር አነስተኛ ስለነበሩ ሁሉንም ተማሪ በአጠገቧ አስቀምጣ ማስተማር ችላለች፤ ሒሳቡን ግን አላቀለለችም። ተማሪዎቹ የግርዶሽንና የፕላኔቶችን ስሌት ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ማታ ልጃገረዶች ከመኝታ ክፍላቸው እንዳይወጡ የሚከለክል ደንብ በነበረበት ኮሌጅ፣ የእርሷ ተማሪዎች ሰማዩ በጠራ ጊዜ ሌሊት ወደ ቴሌስኮፑ ይመጡ ነበር። በትምህርት ዘመኑ መጨረሻም በጉልላቱ ሥር ማዕድ ይዘረጋና መምህርቷ ለእያንዳንዷ የጻፈችላትን ግጥም ያነቡ ነበር።

ሒሳብና አመክንዮ ብቻውን ሳይንስ አይሆንም፣ ውበትና ቅኔም አለበት ትል እንደነበር ሳነብ፣ ይህ ለተማሪ ለማባበያ የተነገረ ሳይሆን በማዕዱ ላይ የተሠራበት ነገር መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

እኔ የማስተምረው ቴሌስኮፕ በሌለበት ትምህርት ቤት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ስለነበር ተማሪዎቼን ይዤ መሄድ አልቻልኩም፤ ብቻዬን ሄድኩ። በማለዳው ብርሃኑ ሲደክም በአንድ ዛፍ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ በቅጠሎቹ መካከል እየሾለከ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን መጀመሪያ እንደ ማጭድ ቀጠነ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ጠብታ ትንሽ ቀለበት ሆነ። ካሜራዬን ረስቼ መሬቱን ሳይ ቆየሁ። የ12 ዓመቷ ማራያ በዚያች ሰዓት ቀና ብላ ሰማዩን እንዳታይ ሥራዋ ከልክሏት፣ ዓይኗን ከሰዓቱ ሳትነቅል መቁጠሯን ያን ዕለት ነው የተረዳሁት።


ቦስተን አካባቢ

እኔ በማሳቹሴትስ የምኖር ነኝ። ባለፈው ዓመት በጋ ከቤተሰቤ ጋር ከሃያኒስ በመርከብ ወደ ናንቱኬት ሄደን ነበር። የተወለደችበት ቤት በቬስታል መንገድ ላይ ዛሬም አለ፤ በስሟ የተቋቋመው ማኅበር ከ1902 ጀምሮ ይጠብቀዋል። ቤቱ እንደ ኩዌከሮች ልማድ ጌጥ የሌለበት፣ ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ከዋናው መንገድ ጫፍ ያለው የባንኩ ሕንጻ ነው። ከጡብ የተሠራው በ1818፣ በተወለደችበት ዓመት ሲሆን አሁንም ባንክ ነው። ከጎኑ ወገብ የማይደርስ የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል። አባቷ በ1840 የከተማዋን የሰሜንና የደቡብ መስመር ለመለየት ካስተከሏቸው ሁለት ድንጋዮች አንዱ ነው፤ ሌላው ከዚያ በስተ ደቡብ በሌላ መንገድ ላይ አለ። ቀያሾች ኮምፓሳቸውን በዚህ መስመር ላይ አቁመው መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ምን ያህል እንደሚዘነብል ያዩበት ነበር። አይስክሬም የያዙ ጎብኚዎች ቦርሳቸውን አስደግፈውበት ሲያወሩ አየሁ። ልጄ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ አያት ቅድመ አያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ ምሥራቁን እንደሚለዩት ሁሉ እነዚህም ሰሜናቸውን ለይተው በድንጋይ እንዳሰሩት ነገርኳት።

አንድ ነገር ልጨምር። የጁላይ 1846 ታላቅ ቃጠሎ የከተማዋን መሐል ሲያወድም ማራያ የምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከነመጻሕፍቱ ነድዷል። ሕንጻው እንደገና ተሠርቶ መደርደሪያዎቹን ዳግመኛ የሞላችው እርሷ ነች። ጅራታም ኮከቡን ያገኘችው ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይታ መሆኑን ሳስበው፣ በዚያ ድካም መካከል በየምሽቱ ጣሪያ ላይ መውጣቷን አለማቋረጧ ይገርመኛል።


ተማሪ ነኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሴት በመሆኗ በሥራዋ ላይ የደረሰባት እንቅፋት ምን ነበር? ደመወዟስ ከወንዶቹ ጋር እኩል ነበር?


ፈለክ ወዳድ

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። እኩል አልነበረም። ወንዶቹ ፕሮፌሰሮች በዓመት 2,500 ዶላር ሲከፈላቸው ለእርሷ የተመደበው 800 ዶላር ነበር። ስሟ በአውሮፓ ሳይቀር የታወቀ እርሷ ሆና ሳለ ማለት ነው። እርሷና የኮሌጁ ሐኪም የነበረችው አሊዳ ኤቨሪ አብረው ጥያቄ አቅርበው ደመወዛቸው ተሻሽሏል። ብቻዋን ሳይሆን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆና መጠየቋን ልብ በይልኝ።

የአሜሪካ የሥነ ጥበባትና የሳይንስ አካዳሚ በ1848 የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መርጧታል። ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን የፈረመው የዕጽዋት ሊቁ ኤሳ ግሬይ፣ በታተመው ጽሑፍ ላይ ለወንድ የተጻፈውን መጠሪያ ሰርዞ፣ ሙሉ አባል የሚለውንም አጥፍቶ «የክብር አባል» ብሎ በእጁ ጻፈበት። ከእርሷ ቀጥሎ ሌላ ሴት ወደ አካዳሚው የገባችው በ1943 ነው፤ መካከሉ ዘጠና አምስት ዓመት መሆኑን አስቢው።

በ1858 ሮም በሄደችበት ጊዜ ደግሞ አባ አንጀሎ ሴኪ የሚመሩትን የኮሌጅዮ ሮማኖን ኦብዘርቫቶሪ ለማየት ጠየቀች። ቦታው ሴት የማይገባበት ገዳም ስለነበር ፈቃዱ ከሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት መምጣት ነበረበት፤ ፈቃዱ ብዙ ደጅ ካስጠና በኋላ ተገኘ። በቀን ገብታ ሁሉን አየች፤ በሌሊት በቴሌስኮፑ ሰማዩን ለማየት ስትመኝ ግን ጨለማ ሳይደርስ መውጣት አለብሽ ተባለች። የከዋክብት ተመራማሪን ኦብዘርቫቶሪ አስገብቶ ከዋክብት ሳይወጡ ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያሳዝን አንቺው ፍረጂ። በዚያው ጉዞ ፍሎረንስ ላይ ዝነኛዋን የሳይንስ ጸሐፊ ሜሪ ሶመርቪልን አግኝታ የተጨዋወተችው ግን በሕይወቷ ሙሉ ስታስታውሰው ኖራለች።

በ1873 የሴቶችን ዕድገት ለማፋጠን የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ በኋላም በፕሬዝዳንትነት መርታለች። ባርነትን በመቃወምም በባሪያ ጉልበት የተመረተ ጥጥ አልለብስም ብላ በሐር ትለብስ ነበር።


ተጠራጣሪ አንባቢ

የቬነሱን ስሌት አላውቅም ነበር፤ በዚህ ላይ የቀደመ ቃሌን አነሣለሁ። ሆኖም መምህርነቷ ለሥነ ፈለክ ምን ፍሬ እንዳፈራ ማሳየት ይቻላል? ጥሩ መምህር መሆን አንድ ነገር ነው፣ ሳይንሱን ማራመድ ሌላ ነው።


የደሴው መምህር

ይቻላል። ሜሪ ዊትኒ የተባለችው ተማሪዋ በ1888 ቦታዋን ተረክባ ኦብዘርቫቶሪውን መርታለች። ኤለን ስዋሎው በ1870 ከቫሳር ተመርቃ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) ስትገባ በዚያ ተቋም የተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ የውኃን ንጽሕና በመመርመር ስም ያገኘች ኬሚስት ናት። ክርስቲን ላድ ወደ አመክንዮ ትምህርት ሄዳ በጆንስ ሆፕኪንስ ለዶክትሬት የሚያበቃትን ሥራ በ1882 ጨርሳ፣ ሴት በመሆኗ የተከለከለችውን ማዕረግ የተቀበለችው በ1926 ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የምትሆነው ግን በ1887 የተመረቀችው አንቶኒያ ሞሪ ናት። በሀርቫርድ የከዋክብትን የብርሃን ኅብር (ብርሃናቸው በየቀለሙ ተዘርግቶ ሲታይ) ስትመድብ፣ አንዳንድ ከዋክብት በቀለም ከሌሎች ጋር አንድ ሆነው ሳለ በኅብራቸው ውስጥ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች ከሌሎቹ እጅግ የቀጠኑ መሆናቸውን አየች። አሠሪዋ ምደባው ተወሳሰበ ቢሏትም ያየችውን ትታ ለማለፍ አልፈቀደችም። ዴንማርካዊው ኸርትስፕሩንግ በኋላ ይህን ምደባዋን ወስዶ መስመራቸው የቀጠነው ከዋክብት ግዙፎቹ መሆናቸውን አሳየ፤ ዛሬ ከዋክብትን ግዙፍና ድንክ ብለን የምንለየው በዚህ መንገድ ነው። ራስሽ አየሽው ወይ እየተባለች የተማረች ልጅ ያየችውን እንዴት እንደምትጠብቅ በዚህ ይታያል።

ስለ 1878ቱ ግርዶሽም ልጥቀስ። ማራያ 60 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ከቀድሞ ተማሪዎቿና ከእህቷ ጋር የጁላይ 29ኙን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለመመልከት ወደ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ በባቡር ተጓዘች። በዚያ ሰሞን ሁለት የባቡር ድርጅቶች በመስመር ይዞታ ተጣልተው ስለነበር፣ የቴሌስኮፖቹን ሌንሶች የያዘው ጓዝ መንገድ ላይ ቀረ። ሴቶቹ ቀፎውን ብቻ ይዘው ዴንቨር ደረሱ። ስልክ በየቤቱ በሌለበት ዘመን በየጣቢያው ቴሌግራም እየላኩ፣ ከዕለት ዕለት ሲጠብቁ ቆይተው ሌንሶቹ ለጥቂት ደረሱላቸው። ከከተማዋ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ድንኳን ተክለው፣ እንደ 1831ዱ ሁሉ አንዷ ሴኮንድ እየቆጠረች፣ ሌሎቹ የፀሐይን አክሊል (በግርዶሽ ጊዜ በዙሪያዋ የሚታየውን ብርሃን) እየተመለከቱ መዘገቡ። ያን ቀን ዓይኗን በቴሌስኮፑ ላይ ያደረገችው ማራያ ነበረች።


ሰዓት ጠጋኝ

መምህር፣ በዚህ ነገር ልቤን ነካኸው። አንድ የሙያ ጥያቄ አለኝ። በመመልከቻው ውስጥ ኮከቡ የሚያልፍበትን ቅጽበት የሚለዩት በመስቀለኛ ክር ነው፤ በዚያ ዘመን ክሩ ከምን ይሠራ ነበር? እኔ በሥራዬ ከፀጉር የቀጠነ ስፕሪንግ በጉጠት ይዤ አውቃለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥን ነገር በእጅ መዘርጋት ግን ይቻላል ብዬ አላስብም።


ፈለክ ወዳድ

ጋሼ፣ ከሸረሪት ድር ነበር። ማራያ ገና ናንቱኬት ሳለች የመመልከቻዋ ክሮች ተበላሽተው ራሷ መተካት ነበረባት፤ ነገሩን በማስታወሻ ደብተሯ ጽፋዋለች። ሥራውን ፈርታው ነበር። መጀመሪያ የሰው ፀጉር ሞከረች፤ ፀጉሩ በሌንሱ ሲታይ እንደ ገመድ ወፍሮ ኮከቡን ሸፈነባት። ቀጥላ ሸረሪት እንቁላሏን ከምትጠቀልልበት ጎጆ ድር መዝዛ፣ በጠባቡ የብረት ቀለበት ላይ እየወጠረች ትለጥፍ ጀመር። ድሩ ትንፋሽ ሲነካው በርሮ ይሄዳል፣ ሲወጠር ይበጠሳል፤ ሰዓታት ወሰደባት። በመጨረሻ ክሮቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሰማዩም በጠራ ምሽት ኮከቡ አንዱን ክር ሲነካ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ሲነካ እየቆጠረች ጻፈች።